ከወርቹ ኋላ

ሚኒሶታ፣ ብሉሚንግተን ውስጥ፣ ከኤርፖርቱ ብዙም የማይርቅ የተኩስ መለማመጃ ቤት ነበር። እኔ እዚያ የተቀጠርኩት ለመጥረግ ነው። ማስታወቂያው «ሬንጅ አቴንዳንት» ይላል። ሰው ይተኩሳል፣ ቀለሁ ይረግፋል፣ ሬንጅ አቴንዳንቷ ትጠርጋለች።

ኃላፊዬ ዴል ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ያላየሁት ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ተቀብሎኝ፣ «ድምፅ ትፈሪያለሽ?» አለኝ።

«ሴዳር ሪቨርሳይድ ባለ ሁለት ክፍል አፓርትመንት ውስጥ ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና የጆሮ መሸፈኛ ሰጠኝ። ኢንተርቪው የተባለው ይኸው ነበር። ዘነበች ማለት ስላቃተው ዚ አለኝ፤ እስካሁንም ዚ ነኝ።

ከዚያ ቤቱን ዞረን አየን። ወለሉ ላይ የተሰመረውን ቀይ መስመር አሳየኝና፣ ሰው ሲተኩስ ይህን መስመር የሚያልፍ የለም፣ እሱም ቢሆን አያልፍም አለ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ እንስሳ ቆሟል። በስፖንጅ የተሠራ ነው። ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቷል፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። በቅሎ ላይ ቀንድ የተከሉ መስሎኝ ነበር።

«ኤልክ ነው» አለ ዴል። «ማስተማሪያ ነው። አትንኪው።»

ኤልክ ከአጋዘን ወገን ነው፣ ግን በሬ ያክላል። አልነካሁትም፤ አቧራውን ግን በየሳምንቱ አራግፍለት ነበር።

ከመጥረግ ወደ ሬንጅ ኦፊሰርነት ለመሸጋገር ዓመታት ወሰደብኝ። የሬንጅ ኦፊሰር ሥራ ባጭሩ መጮኽ ነው። «ተኩስ አቁም» ብዬ ስጮኽ ሁሉም ምላጩን ይለቃል፣ ጠመንጃውን ይከፍታል፣ እጁን አንስቶ ከመስመሩ ኋላ ይቆማል። መጮኽ አልከበደኝም። ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ቄስ፣ ሁሉም እኩል ነበር የሚቆምልኝ።

የአዳኞች አሠልጣኝ የሆንኩት ደግሞ በዴል ጆሮ ምክንያት ነው። በወጣትነቱ ያለ መሸፈኛ ሲተኩስ ስለኖረ መስማት እየተሳነው መጣ። ተማሪ ስለ ነፋስ ሲጠይቀው ስለ ጫማ ይመልስ ጀመር። አንድ ቀን ጠራኝና «ዚ፣ ከእንግዲህ አንቺ አስተምሪ። እኔ ከኋላ ቆሜ እቆጣለሁ» አለኝ።

እቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። «ማም፣ ዩ ክራይ አት ካርቱንስ» አለችኝ። ካርቱን እያየሁ ያለቀስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ዴል እኔን ያስተማረኝ ኤልኩ ፊት አቁሞ ነው። የኤልኩ ጎን እንደ ቁም ሣጥን ይከፈታል፤ ውስጡ ሳንባው፣ ልቡ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው በየቀለሙ ተቀብቷል። እኛ በየበዓሉ ቅርጫ የምንገባ ሰዎች ነንና ሁሉንም በስማቸው ጠራሁለት። ፍርምባው ይህ ነው፣ ወርቹ ያ ነው፣ ጎድኑ ይኸውና።

«ጎበዝ» አለ ዴል። «ግን አንቺ የምታውቂው የተኛውን ነው። ይህኛው ቆሟል፣ ይዞራል፣ ያይሻል።»

ከዚያ ጎኑን ዘጋውና «አሁን ሳንባው የት ነው?» አለኝ። አመለከትኩ። ኤልኩን ከእግሩ ሥር ባሉት ጎማዎች ላይ ትንሽ አዞረውና «አሁንስ?» አለኝ። ጣቴ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ያለው ጨጓራ ነበር። ያን ከሰዓት በሙሉ ሲያዞረውና ሲጠይቀኝ ዋለ።

ለአዲስ አሠልጣኞች የምሰጠው ያንኑ ነው። ጎኑን ለሰጠ ኤልክ የፊት እግሩን መሐል ይዛችሁ በዓይናችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ከሆዱ መስመር ወደ ጀርባው አንድ ሦስተኛ ያህል ስትደርሱ ትቆማላችሁ። ከወርቹ ኋላ ትንሽ ጠጋ ትላላችሁ። እዚያ ሁለቱም ሳንባ አለ፤ ልቡም ከሥሩ ነው። ጀርባውን ወደ እናንተ አድርጎ በሰያፍ ከቆመ ደግሞ ማዶ ያለውን ወርች እያሰባችሁ ነው የምትተኩሱት፤ ጥይቱ የሚወጣው በዚያ ነውና። በሰያፍ ወደ እናንተ ከዞረ አይተኮስም። ከፊት አይተኮስም። ከኋላ አይተኮስም። ጭንቅላትም አይተኮስም፣ ጭንቅላት ዝም ብሎ አይቀመጥም።

በመጀመሪያ ክፍሌ አንድ ገበሬ እጁን አወጣ። «ስንት ኤልክ ገድለሻል?»

«አንድም።»

«አጋዘንስ?»

«አንድም።»

«ዶሮስ?»

«ዶሮ የሚያርደው ባሌ ነው» አልኩት። ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ፈተናውን ግን አለፈ።

ከብዙ ተማሪዎቼ መካከል እዚህ የማነሣው አንዱን ነው። ጋሼ ታደሰ ይባላሉ። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ይኖራሉ፤ ጡረታ እስኪወጡ የኤርፖርት ሸትል አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። የምንሳለመው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ እጄን ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው ጥግ ወሰዱኝ።

«ዘኑ፣ ሎተሪ ዊን አደረግሁ» አሉኝ።

እልል ልል ስል «የኤልክ ነው» አሉ።

በሚኒሶታ ኤልክ የሚገኘው ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው፤ ጥቂት ስለሆነ ፈቃዱ በዕጣ ይሰጣል። የወንድ ኤልክ ዕጣ አንዴ የወጣለት ሰው በሕይወቱ ሁለተኛ አይደርሰውም። ጋሼ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በየዓመቱ ስማቸውን ሲያስገቡ ኖረው፣ ባልደረቦቹ ሲተዉ እሳቸው አልተዉም ነበር። በልጅነታቸው አርሲ ውስጥ ከአባታቸው ጋር ድኩላ ሊያድኑ ይወጡ ነበር። አባታቸው መትተው ይጥሉ ነበር፤ ጋሼ ቢላዋ ይዘው ይሮጡ ነበር።

ለመጀመሪያው ትምህርት የመጡት ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ በፎጣ የተጠቀለለ ቢላዋ ይዘው ነው።

«ጋሼ፣ ቢላዋ ወደ ውስጥ አይገባም» አልኳቸው።

«ጠመንጃ ይገባል?»

«ጠመንጃ ይገባል።»

ትንሽ አዩኝና ቢላዋውን መኪና ውስጥ አስቀምጠው ተመለሱ።

አተኳኮሳቸው ጥሩ ነበር። ሰደፉን ትከሻቸው ላይ ሳይቸኩሉ ያሳርፋሉ፣ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፣ ምላጩን እንደ እንቁላል ይይዛሉ። ከመቶ ሜትር ሦስት ጥይት አንድ የቡና ስኒ በማይሞላ ቦታ ላይ ሰበሰቡ። ዴል ከኋላ ቆሞ የሚቆጣበት አጥቶ ሄደ።

ችግሩ የመጣው ኤልኩን ስከፍትላቸው ነው። ሳንባውን አሳየኋቸው፣ ልቡን አሳየኋቸው። በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«የት ብመታው ነው የሚወድቀው ግን የማይሞተው?»

ይህን ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሥራዬ በሙሉ ከዚህ ጥያቄ በተቃራኒው የቆመ ነው።

«ለምን ጋሼ?»

«ሞቶ ካገኘሁት በክት ነው። በስመ አብ ብዬ ማረድ አለብኝ። እኔ በክት አልበላም። አንቺም አትበዪም።»

እውነታቸውን ነው፣ አልበላም። ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ በዚያ በኩል ኤልክ ምንም አይወጣለትም። የቀረው የአሟሟቱ ነገር ነው። ወርቹን ብቻ ሰብረው ቢጥሉት፣ ወገቡን ቢመቱት እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። እያንዳንዱን አይሆንም አልኳቸው። ወርቹ የተሰበረ ኤልክ በሦስት እግሩ ከሰው ይፈጥናል፣ ከዚያም ለቀናት ይሠቃያል።

ለዴል ነገርኩት። አሰበበት።

«በሕይወት ነው የሚፈልገው?»

«ለጥቂት ጊዜ።»

«ለምን ያህል?»

«ቢላዋ እስኪመጣ።»

«እንደዚያ ያለ ቦታ ኤልክ ላይ የለም በይው» አለኝ።

ምናልባት መፍትሔ ቢኖራቸው ብዬ አባን ጠየቅኳቸው። አባ ቅዳሜና እሑድ ይቀድሳሉ፤ በሌላው ቀን የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድራሉ። ጥያቄዬን ሰምተው ሲጨርሱ ስለ ሥራው ጠየቁኝ።

«በደንብ ከተመታ ምን ያህል ይቆያል?»

«አንድ ጸሎት አድርሰው ሳይጨርሱ ይሞታል፣ አባ።»

«የትኛው ጸሎት?»

«አቡነ ዘበሰማያት።»

«እሱማ አጭር ነው።»

«አዎ።»

«ፍጡርን አሠቃዩ ብዬ አልባርክም። የሞተውንም ብሉ አልልም» አሉ።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ሁለቱንም ንገሪው።»

ሁለቱንም ነገርኳቸው። ጋሼ ታደሰ አልተናደዱም። «እንግዲያው አንቺ ያልሽው ቦታ መትቼ እሮጣለሁ፤ ከነነፍሱ እደርስበታለሁ» አሉኝ። ያም እንደማይሆን አስረዳኋቸው። የተመታ ኤልክ ብዙውን ጊዜ ሮጦ ጫካ ይገባና ይተኛል። ቶሎ ከተከተሉት በቀረው ጉልበት ይነሣል፣ ርቆም ይሄዳል፤ ደሙም ይጠፋል፣ እሱም ይጠፋል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ጋሼ መልስ አልሰጡኝም። በእኛ አገር ሽማግሌ ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት አይደለም።

አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። ልጆቻቸው ሥራ ላይ ነበሩ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ደግሞ ጥይት ይፈራሉ። ዴል ፈቃድ ሰጠኝ፣ የራሱንም ትራክ አዋሰኝ። የነዳው ግን ጋሼ ናቸው። በሸትል ልማዳቸው፣ ተከታይ መኪና በሌለበት መንገድ ላይ እንኳ ፍሬቻ ሳያሳዩ አልታጠፉም።

አገሩ ሜዳ ነው። የታጨደ የስንዴ ማሳ፣ የሣር ክምር፣ በየመሐሉ ግንዳቸው ነጭ የሆነ የአስፐን ዛፎች። ባለ ማሳው ገበሬ ፈቅዶልን ከአንድ ክምር ሥር ተቀመጥን። የመጀመሪያው ቀን ያየነው የገበሬውን ላሞች ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከአስፐኑ ውስጥ ሴት ኤልኮች ወጡ። ኋላቸው እሱ ወጣ። የስፖንጁን ለዓመታት አራግፌያለሁ፣ አዙሬያለሁ፣ ከፍቻለሁ። እውነተኛው ሲተነፍስ እንፋሎት ከአፍንጫው ይወጣል፣ አንገቱ ጥቁር ነው፣ ሲራመድ ትከሻው ከቆዳው ሥር ይንሸራተታል።

በሰያፍ ወደ እኛ ዞሮ ቆመ።

«አሁን?» አሉ ጋሼ በሹክሹክታ።

«አይ።»

ዞረና ጎኑን ሰጠ። አንዲት ሴት ኤልክ ግን ከኋላው ቆማለች፤ ጥይቱ ካለፈ እሷንም ያገኛታል።

«አሁንስ?»

«አይ፣ ጋሼ። ትለፍ።»

ሴቷ እየጋጠች አለፈች። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ሲሉ ሰማኋቸው፣ ከዚያ ጠመንጃው ጮኸ።

ኤልኩ አልወደቀም። አንዴ ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ፣ ምንም እንዳልነካው ሁሉ ሮጦ አስፐኑ ውስጥ ገባ።

«ሳትኩት» አሉ ጋሼ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አልሳቱም። ጀርባው ሲጎብጥ አይቻለሁ።»

ያን ጊዜ ቢላዋውን ከፎጣው ፈቱ።

«ልሂድ።»

«አይሂዱ።»

«አሁን ብደርስ በሕይወት አለ።»

«ሊኖር ይችላል። በሕይወት ካለ ይነሣል፣ ከተነሣ ይሄዳል። ከሄደ አናገኘውም፣ በስቃይ ነው የሚሞተው።»

«ከጠበቅሁስ?»

«እዚያው ተኝቶ ይሞታል።»

«በክት ሆኖ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዘነበች፣ ይህ ዕጣ አንድ ጊዜ ነው።» ዘኑ ማለታቸውን ትተው ነበር። ብድግ አሉ።

ኮታቸውን ያዝኩ። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ወንበር የምለቅላቸው ሰው ናቸው። እጄን አዩት፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ልቀቂኝ።»

«ቁጭ ካሉ እለቃለሁ።»

ነፋሱ ሣሩን ያንቀሳቅሰዋል። ጠመንጃ በያዘ ሰው ላይ በቀን ሃያ ጊዜ የምጮኽ ሴት ያን ጊዜ ድምፅ አልነበረኝም። ጎትተው ቢሄዱ ልይዛቸው አልችልም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ቁጭ አሉ። ቢላዋውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። እኔ ግን ኮታቸውን አልለቀቅኩም፤ እሳቸውም ልቀቂ አላሉኝም። ግማሽ ሰዓቱ እስኪሞላ እንደዚያው ተቀመጥን።

ኤልኩ የቆመበት ቦታ ላይ ደሙን አገኘነው። ደማቅ ቀይ ነው፣ አረፋ አለው። አረፋ ያለው የሳንባ ደም ነው። ጫካው ውስጥ ገና ጥቂት እንደገባን ሞቶ አገኘነው። ለማረፍ የተኛ አልነበረም፤ ሲሮጥ ነው የወደቀው። አፈሩ ላይ የመንፈራገጥ ምልክት የለም። ቀዳዳው ከወርቹ ኋላ፣ ከሆዱ መስመር አንድ ሦስተኛ ላይ ነው።

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እንደገባ ነው የሞተው?» አሉኝ።

«እንደገባ።»

«ብሮጥም አልደርስበትም ነበር?»

«አይደርሱበትም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ያዝሽኝ?»

«ያኔ አላወቅኩም ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ተንበርክከው ሆዱን ይከፍቱ ጀመር። ቢላዋው በጣም የተሳለ ነበር። ልቡን ሲያወጡ ጥይቱ ከላዩ አልፎ ሳንባውን በሁለት በኩል እንደበሳው አሳዩኝ። «አንቺ እንዳልሽው ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታም ኩራትም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አልቻልኩም። ገበሬው በትራክተሩ አወጣልን።

ከተማ ተመልሰን ሥጋው ተከፋፈለ። ዴል ጭኑን ወሰደ፣ በማግሥቱም «መጥፎ አይደለም» አለ፤ ከእሱ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አልሰማሁም። የወይዘሮ አልማዝ ወንድም ጴንጤ ነው። ትልቅ የበረዶ ሣጥን ይዞ መጣ፣ ሃሌ ሉያ ብሎ ሞላ፣ ሌላ ሣጥን ሊያመጣ ተመለሰ።

ቅዳሜ ወይዘሮ አልማዝ ፈረንጅ ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ ጠርተው የኤልክ ጥብስ ሠሩ። እኔም ተጠራሁ። ጋሼ በየሰሃኑ እየዞሩ ይጠይቃሉ። «እንዴት ነው? ጠንካራ ነው? ከበሬ ይለያል?» የሚመልስላቸውን ሰው አፍ አፉን እያዩ ይሰማሉ። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለታችን ምስር በላን።

«ዘኑ፣ አጥፍቻለሁ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አላጠፉም፣ ጋሼ። ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደርስዎ የመታ የለም።»

«ዳግመኛ አይወጣልኝም።»

«አይወጣም።»

«ደግ» አሉና እንጀራ ጨመሩልኝ።

አዳኝ የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ የራሱን ሕግ ይዞ ይመጣል። ሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እናንተም የምታከብሩት ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ ግን ጣር ውስጥ ያለው እንስሳው ነው። መጀመሪያ የእሱን ትጨርሳላችሁ፤ የሰውየው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይታያል።